የገጠር መንገድ ዳር ሌሊት የሚራገፈው ቆሻሻ፦ ማነው የሚጥለው? ምንስ ያስቆመዋል?

የኩርባው_ገበሬ

ሰላም ለሁላችሁ። እርሻችን ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ በሚገባ ጠባብ የገጠር መንገድ ዳር ነው። መኪና አይበዛበትም። ኩርባው ላይ ግራና ቀኝ ዛፍ ስላለ ከሩቅ አይታይም። መከራችን ይህች ኩርባ ናት።

ቀድሞ የምናነሳው ከመኪና መስኮት የተወረወረ ጣሳ፣ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ነበር። እሱም ያናድዳል፣ ግን በጆንያ ይሰበሰባል። አሁን የሚመጣው ሌላ ነው። የፈረሰ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ የደረቀ የቀለም ባልዲ፣ የመኪና ጎማ፣ ሰሞኑን ደግሞ አሮጌ ፍሪጅ። ይሄ መንገድ ያለፈ እግረኛ ሥራ አይደለም። ጭኖ፣ ቦታ መርጦ፣ ጨለማ ጠብቆ የመጣ ሰው ነው።

ለሚመለከተው ክፍል አመለከትኩ። መንገዱ ላይ ያለውን እናነሳለን፣ አጥርህን ያለፈው ግን ያንተ ጉዳይ ነው ተባልኩ። የማላውቀው ሰው ቤቱን ሲያሳድስ ፍርስራሹን እኔ ከኪሴ ከፍዬ ላስነሳለት ማለት ነው። እናንተ ጋ ይሄን ነገር ያስቆመ ሰው አለ? ምን አድርጋችሁ ነው?

እግረኛ_ነኝ

አይዞህ ወንድሜ። በእግር መጓዝ ስለምወድ የገጠር መንገድ ዳር ያለውን ጉድ በደንብ አውቀዋለሁ። ሳየው ደሜ ይፈላል። በእኔ እምነት ዋናው ችግር የግንዛቤ ማነስ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ማስተማር ያስፈልጋል።

ገልባጭ_ሹፌር

@እግረኛ_ነኝ፣ ለልጆቹ ያልከው ይሁን። ግን እኩለ ሌሊት ላይ መብራቱን አጥፍቶ በኋላ ማርሽ የሚገባ ሹፌር ግንዛቤ አላነሰውም። የሚሠራውን አሳምሮ ያውቃል።

እኔ አፈርና ፍርስራሽ በማመላለስ ነው የምተዳደረው። ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳ። አንድ ሰው ቤቱን ያሳድሳል። ግንበኛው «ፍርስራሹን እኔ አስነሳልሃለሁ» ይለዋል። ከዚያ ለአንድ ባለ መኪና ይደውላል። ባለ መኪናው የሚከፈለው አንዴ ነው። ከዚያች ገንዘብ ላይ ነዳጁ፣ ሰዓቱና የማስወገጃ ቦታው ክፍያ ይወጣል። ሕጋዊው ቦታ ድረስ ከሄደ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያንተ ኩርባ ላይ ካራገፈው ግን የሚበዛው ኪሱ ይገባል። በዚያው ሌሊት ሁለተኛ ጭነትም ይደርስበታል። ስለዚህ ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ንግድ ነው።

የሚያበሳጨው ደግሞ ሁሉም ንጹሕ ነኝ ማለቱ ነው። ባለቤቱ «ከፍያለሁ» ይላል። ግንበኛው «ለባለ መኪና ሰጥቻለሁ» ይላል። ባለ መኪናው ስልኩ አይነሳም።

እኔ ብጠየቅ መያዝ ያለበት ከላይኛው ጫፍ ነው እላለሁ። ቆሻሻው የወጣበት ሰው ለማን እንደሰጠው የማወቅ ግዴታ ይኑርበት። እንግሊዝ ውስጥ ይሄ በሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕጋቸው ድርጅቶችን ይይዛል፣ በኋላ በተደረገ ማሻሻያ ደግሞ ተራ የቤት ባለቤትም ቆሻሻውን ለተፈቀደለት ሰው መስጠቱን ማረጋገጥ አለበት። «አላውቅም፣ ሰውየው ወሰደው» ብሎ ነገር የለም።

ሕጉ በሌለበትም ቢሆን እያንዳንዳችን ማድረግ የምንችለው አለ። ቤት ስታሳድሱ ግንበኛውን የት እንደሚደፋው ጠይቁት። የማስወገጃ ቦታውን ደረሰኝ ሳላይ ቀሪውን አልከፍልም በሉ። የመኪናውን ታርጋ በስልካችሁ አንሱ። ከሌሎቹ በግማሽ ያነሰ ዋጋ የጠራላችሁ ሰው ካለ፣ ሌላውን ግማሽ የሚከፍለው አንድ ገበሬ ነው።

የኩርባው_ገበሬ

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለሚስቴ አነበብኩላት። «በቃ ይሄው ነው» አለች። እግዜር ይስጥህ።

ሰላም_ከተሜ

ገልባጭ፣ ያልከው ስለ ትልልቁ ጭነት ልክ ነው። ሌላም ጎን ግን አለ። እኔ የምኖረው ፎቅ ላይ ነው። ፍራሽ ወይም የተበላሸ ቴሌቪዥን መጣል ብፈልግ የሰፈር ቆሻሻ ሰብሳቢዎች አይቀበሉኝም። ማስወገጃው ሩቅ ነው፣ እኔ ከሥራ ስወጣ እሱ ይዘጋል፣ ቅዳሜና እሁድ አይሠራም። የጭነት መኪና ይዞ ለመጣ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። አንዲት ወንበር ይዛ ለመጣች ሴት አይደለም። ሰው ትክክለኛውን መንገድ ሞክሮ በሩ ተዘግቶበት ሲመለስ ምን ያድርግ?

መጣሉን ደግፌ አይደለም። ግን ቅጣት ብቻ ካጠበቅን የሚጥለው ሰው ይበልጥ ጨለማ ይፈልጋል እንጂ አይተወውም።

የኩርባው_ገበሬ

እህቴ ሰላም፣ በሩ መከፈት አለበት፣ እዚያ ላይ አንድ ነን። ማምሻውን ቢከፈት፣ ትናንሹን በነፃ ቢቀበል፣ አሮጌ ፍሪጅና ቴሌቪዥን አዲስ የሚሸጠው ሱቅ መልሶ ቢወስድ ብዙ ይቀላል። ግን ፍራሹን ቤቱ በር ላይ ያቆየ ሰውና እኔ ጋ ያመጣው ሰው እኩል አይደሉም። እኔ ጋ የመጣው መኪና አለው፣ ነዳጅ ቀድቷል፣ ሰዓት አግኝቷል። ያንኑ መኪና ወደ ማስወገጃው ማዞር ይችል ነበር።

የእንስሳት_ሐኪም

ወሬው ወጪ ላይ ብቻ ስለሆነ ከእኔ ሙያ ልጨምር።

ላም ስትግጥ በከንፈሯ እየመረጠች አይደለም። ሳሩን በምላሷ ጠቅልላ ትጎትታለች፣ ብዙም ሳታኝክ ትውጣለች። ሳሩ ውስጥ ያለውን ሽቦና ምስማር አብራ ትውጠዋለች። ከባድ ነገር ደግሞ ወደ ፊተኛዋ ትንሽ የሆድ ክፍል ይገባና እዚያው ይቀራል። ያቺ ክፍል ከልብ የሚለያት ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ሆዷ በተኮማተረ ቁጥር ሽቦው ወደፊት ይገፋል። ግድግዳውን ይበሳል፣ አንዳንዴም የልብ ሽፋን ድረስ ይደርሳል።

ገበሬው የሚያየው ይሄን ነው፦ ላሚቱ ጀርባዋን ቆልምማ ትቆማለች። ክርኖቿን ከደረቷ ታርቃለች። ቁልቁለት መውረድ አትፈልግም፣ ስትራመድ ታቃስታለች። ወተቷ ባንዴ ይቀንሳል። ልብ ጋ ከደረሰ በኋላ ብዙ የምንሠራው የለም። በጊዜ ሲታወቅ ማግኔት እናስውጣታለን። ማግኔቱ እዚያችው ክፍል ገብቶ ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። መዳብና አሉሚኒየም ግን ማግኔት አይስባቸውም።

ፌስታል ደግሞ በሌላ መንገድ ይገድላል። አይፈጭም፣ አይወጣም። እዚያው ይጠላለፍና ገመድ ይሆናል። ሆዳቸውን ከፍቼ እጄን ያስገባሁባቸው እንስሳት አሉ። የሚወጣው የተጠማዘዘ፣ ጭቃ የመሰለ፣ ቀለሙ የጠፋ የላስቲክ ጥቅል ነው። አንዱን ጫፍ ሲስቡት ሌላው አብሮ ይመጣል፣ ማለቂያ የለውም። ውጭውን ሲያዩት እንስሳው ሆዱ ሞልቷል። ግን በረሃብ እየሞተ ነው።

ስለዚህ ከመስኮት የምትወረወረዋን አንዲት ፌስታል አትናቋት።

እግረኛ_ነኝ

ዶክተር፣ ይሄን አላውቅም ነበር። እኔም አንድ ነገር ልበል። መንገድ ዳር የተጣሉ ጠርሙሶችን ሳነሳ አንዳንዱ ውስጥ ትናንሽ አጥንቶች አገኛለሁ። የመስክ አይጦችና ጢንዚዛዎች ሽታ ተከትለው ይገባሉ። አፉ ወደ ላይ ያዘነበለ ከሆነ ግድግዳው ያንሸራትታቸዋል፣ መውጣት አይችሉም። አንዱ እዚያ ሲሞት ሽታው ሌላውን ይጠራል።

ጋሼ_ጥገና

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን በመንገድ ጥገና ነው የጨረስኩት፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ይህቺን ጨምሩበት።

የገጠር መንገድን የሚገድለው የመኪና ክብደት ብቻ አይደለም፣ ውሃም ነው። በመንገዱ ዳር የሚሄደው ቦይና ከሥሩ የሚያሳልፈው ቱቦ ከተደፈነ ውሃው የሚሄድበት ያጣና በላይ ይመጣል። ያኔ የመንገዱን ጠርዝ ይበላል። ጠርዙ ሲበላ መኪና ወደ መሃል ይጠጋል፣ ኩርባ ላይ ደግሞ ይሄ ግጭት ነው። ቱቦ ስንከፍት የምናወጣው ቅጠልና አፈር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፌስታል ነው አፈሩን አስሮ የሚይዘው። አንድ ጎማ አፉ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ አለቀ።

ሌላው የሳር አጨዳ ነው። ቆሻሻው ሳይለቀም ማሽን ከገባ ጣሳውን ይፈጨዋል። አንድ ጣሳ የነበረው መቶ ስለት ይሆናል። ያ ከድርቆሽ ጋር ሲታሰር ዶክተሩ የነገሩን በሽታ ይመጣል። አስቀድሞ መልቀም፣ ቀጥሎ ማጨድ። ለሠራተኞቻችሁ ንገሩ።

የእንስሳት_ሐኪም

ጋሼ፣ በትክክል ገልጸውታል። ያውም የአሉሚኒየም ጣሳ ነው፣ ማግኔታችን አይሠራበትም።

ንባብ_ወዳጅ

ገበሬው «ምን ያስቆመዋል» ብሎ ነው የጠየቀው፣ ወደዚያ ልመለስ። ሆላንድ ውስጥ ግሮኒንገን ከተማ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ። ሰዎች ብስክሌት የሚያቆሙበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። እጀታው ላይ የማስታወቂያ ወረቀት አንጠለጠሉ፣ በአቅራቢያው የቆሻሻ መጣያ አልነበረም። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ወረቀቱን መሬት የጣለው 33 በመቶ ነበር። ያው ግድግዳ በቀለም ሲሞነጫጨር 69 በመቶ ሆነ። ቦታው ያው ነው፣ የሚያልፈውም ዓይነት ሰው ያው ነው።

እንግዲህ ግድግዳ ላይ የተሞነጨረ ቀለም ይሄን ካመጣ፣ ኩርባ ላይ ያደረ ፍራሽ ምን እንደሚያመጣ አስቡት። የመጀመሪያው ክምር ለሁለተኛው ምልክት ነው። «እዚህ ማንም አይጠይቅም» ይላል። ስለዚህ ፍጥነት ትልቅ ነገር ነው። ትናንት የተጣለው ዛሬ ከተነሳ ቦታው ስም አያወጣም። አንድ ወር ከቆየ ግን ሰው «እዚያ መድፊያው ጋ» ብሎ መንገድ ማሳየት ይጀምራል።

ሰላም_ከተሜ

በአንዴ ማንሳት ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ኢስቶኒያን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ወደ 50,000 የሚሆን ሕዝብ ወጥቶ በየጫካውና በየመንገዱ ተጥሎ የነበረ 10,000 ቶን ያህል ቆሻሻ በአንድ ቀን አነሳ። ከዚያ በፊት ግን ክምሮቹ የት የት እንዳሉ በካርታ ላይ ምልክት አድርገው ጨርሰው ነበር። እኔን የሳበኝ ካርታው ነው። የት እንዳለ ከታወቀ ማን ሊያነሳው እንደሚችልም ይታወቃል።

የኩርባው_ገበሬ

ቶሎ ማንሳቱን ተቀብያለሁ። ግን ካነሳሁት ማስረጃው አብሮ አይሄድም?

ገልባጭ_ሹፌር

መጀመሪያ ፎቶ። ከሩቅ አንድ፣ አካባቢው እንዲታይ። ከዚያ ከቅርብ። የጎማ ዱካ ካለ ጎኑ ላይ ጫማ ወይም ዱላ አስቀምጠህ አንሳ፣ ስፋቱ እንዲታወቅ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍ። ከዚያ ለፖሊስ ወይም ለሚመለከተው ክፍል አሳውቅ፣ እነሱ እስኪያዩት ብትጠብቅ ይሻላል። አንመጣም ካሉህ ያንኑ መዝግበህ አንሳ።

ወፍራም ጓንት ያለ ምንም ማቅማማት። ጆንያ ውስጥ እጅህን አትክተት፣ መርፌና ስባሪ ይኖራል። በእንጨት ገልብጠው። የሚፈለገው ስም ያለበት ወረቀት ነው፤ ደረሰኝ፣ የካርቶን ላይ አድራሻ፣ የመድኃኒት ዕቃ፣ የልጅ ደብተር። የሴራሚክና የቀለም ካርቶን ላይም የተሸጠበት ሱቅ ምልክት ይኖራል።

እግረኛ_ነኝ

ስም ከተገኘማ እዚህ ለጥፎ ማሳፈር ነው!

ንባብ_ወዳጅ

በፍጹም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ጣይ ነው ማለት አይደለም። ገልባጭ ከላይ እንዳለው ከፍሎ የሸኘ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ለመርማሪ ስጡት። እሱ ስሙ የተጻፈውን ሰው «ለማን ሰጠህ?» ብሎ ይጠይቃል። ዋጋ ያለው መልስ ያ ነው። በአደባባይ ብታሳፍሩት ግን ሰውየው በሩን ይዘጋል፣ የባለ መኪናው ስልክ ቁጥርም አብሮት ይቀራል።

አዲስ_ጎጆ

ይቅርታ ዘግይቼ ነው የገባሁት። እኛ ጋም ተመሳሳይ ነገር አለ። ጎረቤቶች ሁሉንም ሰብስበን እናቃጥለው እያሉ ነው፣ መኪና ከመከራየት ይቀላል ብለው። ምን ትላላችሁ?

የእንስሳት_ሐኪም

እባካችሁ አታቃጥሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና የፒቪሲ ቱቦ ክፍት ቦታ ላይ ሲቃጠል ዳዮክሲን ይወጣል። ይሄ መርዝ ሳር ላይ ያርፋል፣ ከብት ይበላዋል፣ ስብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወተት ውስጥ ይወጣል። ሕፃን ያላችሁ ቤት አስቡት። ምስጥ እንዳይበላው በአርሴኒክ የታከመ እንጨት ካለበት ደግሞ አርሴኒኩ አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱ ላይ ጨው ጨው የሚል ነገር ስላለ ከብት ሄዶ ይልሰዋል። የመኪና ባትሪ እርሳስና አሲድ ነው፣ የሚረጭ ቆርቆሮ ደግሞ ሲግል ይፈነዳል። ጎማ አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋላችሁም።

ጋሼ_ጥገና

መቅበርም ያው ነው። የተቀበረ ነገር ጎርፍ ሲመጣ ይወጣል። እኔ ከቀባሪው ዕድሜ በላይ የቆየ ላስቲክ ቆፍሬ አውጥቻለሁ።

አዲስ_ጎጆ

አመሰግናለሁ። ለጎረቤቶቼ ይሄን አሳያለሁ። ጎማዎቹንስ ምን እናድርግ? ለጊዜው ቤታችን ጀርባ ደርድረናቸዋል።

የእንስሳት_ሐኪም

ዝናብ ከማይደርስበት ሥር አስገቧቸው ወይም አጥብቃችሁ ሸፍኗቸው። ጎማ በየትም በኩል ብታስቀምጡት ውስጡ ውሃ ይይዛል። ያ ውሃ ጥላ ውስጥ ነው፣ ነፋስ አያገኘውም፣ ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትወደው ዓይነት ነው። እንቁላሏ ውሃው ከደረቀ በኋላ እንኳ ወራት ይቆያል፣ ዝናብ ሲመለስ ይፈለፈላል። አፍስሶ መተው ብቻ አይበቃም ማለት ነው።

ሰላም_ከተሜ

ለትንሹ ቆሻሻስ? መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ገንዳ ቢቀመጥ አይሻልም?

ጋሼ_ጥገና

የሚያነሳው ሰው ከተመደበለት ይሻላል። ካልተመደበለት የከፋ ነው። ሞልቶ ሲፈስ ሰው ጎኑ ላይ ያስቀምጣል፣ ሌሊት ውሻና ቀበሮ ይበትነዋል፣ ጠዋት ነፋስ እርሻ ውስጥ ያስገባዋል። ገንዳ ከማስቀመጣችሁ በፊት የሚያነሳውን ሰው አግኙ።

ንባብ_ወዳጅ

ለጠርሙስና ለጣሳ የተሻለው የመያዣ ገንዘብ ነው። ስትገዛ ትንሽ ትጨምራለህ፣ ባዶውን ስትመልስ ትቀበላለህ። ጀርመን ለሚጣሉ ጣሳዎችና ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2003 ጀምራዋለች። ዋጋ ያለውን ነገር ማንም ከመስኮት አይወረውርም። ቢወረውረው እንኳ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል። ይሄ ለፍርስራሽ አይሠራም፣ እሱ የገልባጭን ደረሰኝ ይፈልጋል።

የኩርባው_ገበሬ

ሰዎች፣ ምክራችሁ ጠቅሞኛል። ዛሬ ክምሩን ስንገለብጥ ግራጫ፣ ሞገድ ሞገድ ያለው የጣሪያ ክዳን ከሥር አገኘን። ቆርቆሮ አይደለም፣ ሲሚንቶ ይመስላል። ስባሪው ጫፍ ላይ ፀጉር የመሰለ ክር ይታያል። ልጄ እንጫነው ሲል አቆምኩት። አስቤስቶስ ይሆን?

ገልባጭ_ሹፌር

ጎሽ፣ እንኳን አቆምከው። ምርመራ እስኪደረግ ድረስ አስቤስቶስ ነው ብለህ ያዘው። በዓይን አይቶ አይደለም ማለት አይቻልም። አትስበሩት፣ አትጥረጉት፣ አትጎትቱት። አደጋው አቧራው ነው። ክሩ በዓይን የማይታይ ሆኖ ሳንባ ውስጥ ይገባና ይቀራል፣ በሽታው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። ቀስ ብለህ ውሃ አርከፍክፍበት፣ በወፍራም ላስቲክ ሸፍነው፣ ላስቲኩን በድንጋይ ያዝ። ሰውና ከብት አታስጠጋ። ለብሳችሁት የነበረውን ልብስ ቤት ውስጥ አታራግፉ፣ በላስቲክ አስራችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ከዚያ እሱን ለማንሳት ፈቃድ ያለው አካል ጥራ። እኔ ራሴ ይሄን አልጭንም።

ፍሪጁንም ቱቦውን አትቁረጡ። መዳቡን ፍለጋ የሚቆርጡት አሉ። የቆየ ከሆነ ውስጡ ያለው ጋዝ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነትና በኋላ በተደረጉት ማሻሻያዎቹ እንዲቀር የተደረገው። እስኪነሳ ድረስ በሩን ንቀለው፣ ሕፃን ገብቶ እንዳይዘጋበት።

የኩርባው_ገበሬ

በሩን አሁኑኑ እነቅላለሁ። ክዳኑንም ሸፍነነዋል፣ ደውያለሁ፣ እንመጣለን ብለዋል።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ካሜራ ልስቀል ወይስ «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይሻላል?

ገልባጭ_ሹፌር

ሰሌዳው ብቻውን አያስቆመውም። ካሜራ ታርጋ የሚያነብ ከሆነና ምስሉን ተቀብሎ የሚከስ አካል ካለ ጥሩ ነው። አብዛኛው ግን ታርጋውን ይሸፍናል።

እኔ እንደ ሹፌር ልንገርህ። አራጋፊ የሚመርጠው ቦታ ሦስት ነገር ያለው ነው። ከዋናው መንገድ ቅርብ፣ ከቤት የማይታይ፣ መኪና የሚዞርበት። የመጀመሪያውን መቀየር አትችልም። ሁለተኛውን ዛፉን ዝቅ ብታደርገው ይቀየራል፣ መንገዱ ከቤትህ ይታያል። ሦስተኛው በእጅህ ነው። ኩርባው ላይ መኪና በኋላ ማርሽ የሚገባበት ሜዳ አለ አይደል? እሱን ዝጋው። ትልልቅ ድንጋይ ወይም የአፈር ክምር። ማራገፍ ጊዜ አይፈጅም፣ ግን ወደ ኋላ ገብቶ መዞር ያስፈልጋል። መንገዱ መሃል ቆሞ የሚያራግፍ ደፋር ጥቂት ነው፣ ሌላ መኪና ከመጣ መውጫ የለውም።

አንድ ነገር አደራ። ሌሊት ድምፅ ብትሰማ ብቻህን ወጥተህ አትጋፈጥ። ታርጋና የመኪናውን ቀለም ከሩቅ ያዝ፣ ደውል።

የኩርባው_ገበሬ

እሺ። ቅዳሜ ጎረቤቶቼ ይመጣሉ፣ ድንጋዩን በትራክተር እናመጣለን። ከዳር ምን ያህል ይራቅ?

ጋሼ_ጥገና

መጀመሪያ ቦታው ያንተ ይዞታ መሆኑን አረጋግጥ። የመንገዱ ወሰን ውስጥ ከገባ ፈቃድ ጠይቅ። ቦዩን አትንካው፣ ድንጋዩ ከቦዩ ወዲህ ወደ እርሻህ በኩል ይሁን፣ ውሃው መሄጃ አይጣ። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ሰውና በግ የሚያልፍበት፣ መኪና የማያልፍበት ክፍተት ተው። ወደ መንገዱ የሚያየውን ፊት ነጭ ቀባው፣ ሌሊት የሚነዳ ሰው ከሩቅ እንዲያየው። ለእሳት አደጋ መኪና የሚያስፈልግ መግቢያ ከሆነ ግን በድንጋይ አትዝጋው፣ ቁልፍ ያለው በር አድርግለት።

የኩርባው_ገበሬ

በሩ ሌላ በኩል ነው ጋሼ፣ ይሄ ባዶ ሜዳ ነው። ወሰኑን ግን ነገ ሄጄ አስለካለሁ።